ከኋላ ደጋፊ ያጣው ሰው ሠራሽ ጥርስ፤ የአሠራሩ ታሪክ ባጭሩ

መግቢያ

ሰው ጥርሱን ማጣት ሲጀምር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያጣው ከኋላ ያለውን የመንጋጋ ጥርሱን ነው። ቆሎ የሚቆረጥመው፣ ሥጋ የሚያደቀው ይኸው ጥርስ ስለ ሆነ ባለቤቱ ጉድለቱን ከመጀመሪያው ማዕድ ጀምሮ ያውቀዋል። ከዚያም ወደ ጥርስ ሐኪም ሄዶ በጐደለው ፈንታ ሌላ እንዲሠራለት ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ቀላል ሆኖ አያውቅም፤ የጠፋውን ለመተካት የተሠራው ዕቃ ሳይጠፋ የቀረውን ጥርስ ነቅንቆ የጣለበት ጊዜ ብዙ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ነገር ነው። በአፍ ውስጥ የሚገባና የሚወልቅ፣ ከፊት በቀሩት ጥርሶች የተያዘ፣ ከኋላው ግን የሚያርፍበት ጥርስ የሌለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሠሪዎቹ ስለ ምን አስቸጋሪ ሆነባቸው? ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተነሡት ባለሙያዎችስ ችግሩን በምን መንገድ ሊፈቱት ሞከሩ?

የደረስንበትን ሐሳብ አስቀድመን ብንገልጥ ለአንባቢ ይረዳል ብለን እናምናለን። የዚህ ሙያ ታሪክ ለረጅም ዘመን የተሻለ ዕቃ የመፈለግ ታሪክ ነበረ፤ ከጉማሬ ጥርስ ወደ ጐማ፣ ከጐማ ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ ሌላ ብረት ተሻገረ። ዋናው ችግር ግን ዕቃው ሳይሆን ዕቃው የሚቀመጥበት መሠረት ነበረ። አሠራሩ በእውነት መለወጥ የጀመረው ይህ በታወቀ ጊዜ ነው።

ሥራችን የታሪክ ጥናት እንጂ የሐኪም መመሪያ አይደለም። ጥርስ ፈጽሞ ስለሌለው አፍ የምንናገረው ነገሩን ለማስረዳት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተቈጠሩት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩. የችግሩ ጠባይ

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ እንጀምር። በጠባብ ወንዝ ላይ የተጋደመ መሸጋገሪያ ግንድ ሁለቱም ጫፎቹ በድንጋይ ላይ ካረፉ ሰው ሲረግጠው አይናወጥም። አንደኛው ጫፍ በድንጋይ፣ ሁለተኛው በጭቃ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ግን መንገደኛው ወደ ጭቃው በተጠጋ ቍጥር ግንዱ ይሰምጣል፤ በወዲህ በኩል ያለው ጫፍም የተቀመጠበትን ድንጋይ ይፈነቅላል።

ሰው ሠራሽ ጥርስም እንዲሁ ነው። ከፊቱም ከኋላውም ጥርስ ያለው ክፍተት ሲሞላ ጭነቱ በሁለቱ ጥርሶች ላይ ይወድቃል። ከኋላ ጥርስ ከሌለ ግን የፊቱ ጫፍ በጥርስ ላይ፣ የኋላው ጫፍ በድድ ላይ ይቀመጣል። ሰው ሠራሾቹን ጥርሶች ተሸክሞ በድድ ላይ የሚያርፈውን ክፍል እንግሊዞች «ኮርቻ» ይሉታል፤ ስሙ ለእኛም የሚስማማ ስለ ሆነ እንጠቀምበታለን። ከኮርቻው ፊት ያለውንና ዕቃውን የሚቀበለውን የተፈጥሮ ጥርስ ደጋፊ ጥርስ፣ ይህን ጥርስ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ብረት መንጠቆ፣ ዕቃው እንዳይሰምጥ በጥርሱ ማኘኪያ ገጽ ላይ የሚቀመጠውን ትንሽ የብረት ጣት ማረፊያ፣ የቀኙን ኮርቻ ከግራው ጋር የሚያያይዘውን ደግሞ አገናኝ ዘንግ እንለዋለን።

ጥርስና ድድ ጭነት ሲደርስባቸው የሚሆኑት ነገር እጅግ የተለያየ ነው። ጤናማ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር በቀጫጭን ጅማቶች የተያያዘ ስለ ሆነ ሲነከስበት ወደ ታች የሚሄደው ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ዐሥረኛ ክፍል አይበልጥም። ድድ ግን፣ እንደ ሰውየውና እንደ ቦታው ቢለያይም፣ እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ሊረግብ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ግትር ዕቃ ሥር አንዱ መሠረት ጸንቶ ሲቆም ሌላው ይሰምጣል። ኮርቻው በማረፊያው ላይ እንደ ሚዛን ይዞራል፤ መንጠቆውም ደጋፊውን ጥርስ ይዞ ያናውጠዋል። ካስማ ከመሬት ሊነቅል የፈለገ ሰው ወዲያና ወዲህ እየወዘወዘ ያላላዋል እንጂ በአንድ ጊዜ መዝዞ አያወጣውም። ሰውየው ምግብ በበላ ቍጥር በደጋፊው ጥርስ ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ኮርቻው የሚንቀሳቀሰው ወደ ታች ብቻም አይደለም። የሚጣበቅ ምግብ ሲታኘክ ከኋላ የሚይዘው ጥርስ ስለሌለ ጫፉ ወደ ላይ ይነሣል። ሲታኘክም ወደ ጐን ይገፋል። በዚህ ላይ ጊዜ የሚያመጣው ለውጥ አለ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ልክ የሆነው ኮርቻ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጠርበትና ከመጀመሪያው ይልቅ ይሰምጣል። የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ከላይኛው የባሰ ነው። ከላይ ሰፊ የላንቃ ሜዳ ጭነቱን ይካፈላል፤ ከታች ግን ምላስ መካከሉን ስለያዘው ለኮርቻው የሚቀርለት ጠባብ የድድ ጀርባ ብቻ ነው።

፪. ዕቃው ከዝሆንና ከጉማሬ ጥርስ በተሠራበት ዘመን

የጥርስ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን በመጽሐፍ ካስረዱት ሰዎች ቀዳሚው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ነው። በ1728 ዓ.ም. በፓሪስ ባሳተመው በሁለት ክፍል መጽሐፉ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዴት እንደሚቀረጽና ከቀሩት ጥርሶች ጋር በክር ወይም በወርቅ ሽቦ እንዴት እንደሚታሰር ገልጧል። በ1756 ዓ.ም. ደግሞ የፕሩስያ ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ፕፋፍ፣ የአፍን ልክ በሰም ወስዶ በጄሶ ምስሉን ማውጣትን በመጽሐፉ አስተማረ። ከዚህ በኋላ ሠሪው በሽተኛው በሌለበት ጊዜም የአፉን ምስል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መሥራት ቻለ።

ዕቃው የሚቀረጸው ከዝሆን ጥርስ፣ ከጉማሬ ጥርስ ወይም ከባሕር እንስሳ ጥርስ ነበረ። እነዚህ ሁሉ በምራቅ ይበሰብሳሉ፣ ይሸታሉ፣ ቀለማቸውም ይለወጣል። ስለዚህ የዘመኑ ሰው ዋና ምሬት ስለ ዕቃው ጠባይ ነበረ ማለት ይቻላል።

የዚህ ዘመን ታዋቂ ምስክር የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። በ1789 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ ውስጥ የቀረው የተፈጥሮ ጥርስ አንድ ብቻ ነበረ። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ጆን ግሪንውድ ከጉማሬ ጥርስ የታችኛውን ክፍል ቀርጾ ሲሠራለት፣ ያ አንድ ጥርስ እንዲገባበት ቀዳዳ ተወለት። ይህች ቀዳዳ ለጥናታችን ትልቅ ትርጕም አላት። አንዲቱ ጥርስ ለዚያ ሁሉ ዕቃ ብቸኛ መያዣ ሆነች፤ ከጐኗና ከኋላዋ ያለው ሁሉ በድድ ላይ ነበረ። ጥርሲቱም ዋሽንግተን በ1799 ዓ.ም. ከመሞቱ አስቀድሞ ወለቀች፤ ግሪንውድም በትንሽ መያዣ አድርጎ ለማስታወሻ አኖራት። የወለቀችው በዕቃው ምክንያት ብቻ ነው ብለን አንፈርድም፤ ሌሎቹ ጥርሶቹ ያለ ዕቃም አልቀዋልና። ነገር ግን አንዱን ጥርስ መልሕቅ አድርጎ ብዙ ጭነት ማሰር እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ምሳሌው በግልጥ ያሳያል።

፫. ጐማና ወርቅ

ቻርልስ ጉድይር በ1839 ዓ.ም. ጐማን በድኝና በእሳት ማጠንከር ካወቀ በኋላ፣ ወንድሙ ኔልሰን በ1851 ዓ.ም. እንደ እንጨት የሚጠነክረውን ዓይነት ለማውጣት መብት አገኘ። ይህ ጐማ በጄሶ ምስል ላይ ተጨፍልቆ የድዱን ቅርጽ ስለሚይዝ፣ ዋጋውም ርካሽ ስለ ሆነ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ከባለጸጎች ቤት አውጥቶ ለብዙ ሰው አዳረሰው። የጐማውን ጥርስ የመሥራት መብት በ1864 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተመዘገበ በኋላ ባለመብቱ ኩባንያ ሐኪሞችን ሁሉ ግብር እያስከፈለ፣ እንቢ ያለውን እየከሰሰ ብዙ ጠብ አነሣ። በ1879 ዓ.ም. የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያ ቤከን በሳን ፍራንሲስኮ ከከሰሳቸው ሐኪሞች በአንዱ በሳሙኤል ቻልፋንት እጅ በጥይት ተገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ መብቱ ጊዜው አለፈና ጐማው ለሁሉ ነጻ ሆነ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለወሬነቱ አይደለም። ሰዎች እስከ መገዳደል የደረሱበት ይህ ዕቃ የኋላ ጥርስ ለሌለው ሰው ያመጣለት መፍትሔ ምን ያህል ነበረ ብለን ስንጠይቅ መልሱ «ጥቂት» ስለሚሆን ነው። ዕቃው ከድዱ ቅርጽ ጋር ተስማማ፤ ነገር ግን በጥርስ ላይ ማረፊያ ሳይደረግለት ሲሠራ ጭነቱ በሙሉ በድድ ላይ ይወድቃል። ሲሰምጥም በደጋፊው ጥርስ አንገት ዙሪያ ያለውን ድድ እየቀጠቀጠ ያስሸሸዋል። በ1937 ዓ.ም. በጐማው ፈንታ የገባው አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክም መልኩ ድድ ቢመስልም፣ በዚህ ረገድ ከጐማው የተለየ ጠባይ አልነበረውም።

ሌላው መንገድ የወርቅ ነበረ። በ1907 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዊልያም ታጋርት ለጥርስ የሚሆን ወርቅ በሰም ቅርጽ የማፍሰስን ዘዴ በኒው ዮርክ ለሙያ ጓደኞቹ አሳየ። ሰሙ ይቀረጻል፣ በጄሶ መሰል ጭቃ ይሸፈናል፣ በእሳት ይቀልጥና ይወጣል፣ ወርቁም በባዶው ቦታ ይፈስሳል። የአገራችን አንጥረኛ ይህን ዓይነት ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነው፤ ቅኔያችንም «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ለጥርስ ሐኪሞች ግን አዲስ በር ከፈተ። መንጠቆውና ማረፊያው፣ ቀጥሎም አገናኝ ዘንጉ ጭምር በደጋፊው ጥርስ ልክ ተፈስሶ መሠራት ቻለ።

በዚህ ጊዜ ችግሩ መልኩን ለወጠ። ቀድሞ ዕቃው ጥርሱን በላላ ሁኔታ ይይዘው ነበረ፤ አሁን አጥብቆ ያዘው። የኋላው ኮርቻ ግን እንደ ቀድሞው በሚረግብ ድድ ላይ ነው። መንጠቆው በጠበቀ መጠን ኮርቻው ሲሰምጥ የሚያናውጠው ደጋፊው ጥርስ ሆነ። የተሻለ አያያዝ ለጥርሱ የባሰ መከራ ሊያመጣ እንደሚችል ያን ጊዜ ብዙዎች አላስተዋሉም።

፬. ስም መስጠትና መለካት

አንድ ሙያ ወደ ትምህርትነት የሚለወጠው ጉዳዮቹን ለይቶ ስም ሲሰጣቸው ነው። በአንድ መንጋጋ 16 ጥርሶች አሉ ብንል፣ እያንዳንዱ ጥርስ ወይ አለ ወይ የለም። ሁሉም ካሉበትና ሁሉም ከሌሉበት በቀር የጐደሎው ዓይነት በሒሳብ 65,534 ይሆናል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማስተማር የማይቻል ነው።

የኒው ዮርኩ ሐኪም ኤድዋርድ ኬኔዲ በ1925 ዓ.ም. ይህን ሁሉ በአራት ክፍል ጠቀለለው። በአንደኛው ክፍል በቀኝም በግራም ከቀሩት ጥርሶች በስተኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነው። በሁለተኛው ይኸው ባዶነት በአንድ ወገን ብቻ ነው። በሦስተኛው ክፍተቱ በአንድ ወገን ሆኖ ከፊቱም ከኋላውም ጥርስ አለ። በአራተኛው ክፍተቱ ከፊት ሆኖ መካከለኛውን መስመር ያቋርጣል። አንባቢው ልብ ቢል፣ ኬኔዲ ቀዳሚውን ስፍራ የሰጠው እኛ ለምንጽፍበት ጉዳይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ከኋላ ደጋፊ የሌላቸው ናቸው። ስሙ ከተሰጠ በኋላ ሐኪሙ የበሽተኛውን አፍ አይቶ «ይህ አንደኛ ክፍል ነው» ሲል፣ ኮርቻው የሚንቀሳቀስ መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቃል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን መለኪያ መሣሪያ ተጨመረ። በ1923 ዓ.ም. በአሜሪካ የኔይ ኩባንያ ያወጣው መሣሪያ በጄሶው ምስል ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ እያስነካ የጥርሱ ሆድ የት እንደሚያብጥ፣ የት እንደሚሰረጐድ ያሳያል። መንጠቆው ዕቃውን ከመውለቅ የሚያግደው ጫፉ ከጥርሱ እብጠት በታች ባለው ስርጓዳ ውስጥ ሲገባ ነው። ከዚህ በፊት ይህ በዓይን ግምት ይሠራ ነበረ። ከዚህ በኋላ ግን ሠሪው መንጠቆው የት እንደሚውልና ምን ያህል እንደሚይዝ አስቀድሞ መወሰን ቻለ።

፭. ሁለቱ ወገኖች

ኮርቻው መንቀሳቀሱ የማይቀር ከሆነ ምን ይደረግ? በዚህ ጥያቄ ላይ ባለሙያዎቹ በሁለት ወገን ተከፈሉ።

አንደኛው ወገን «ኮርቻው ይንቀሳቀስ፤ ጥርሱን ግን አይንካ» አለ። በኮርቻውና በመንጠቆው መካከል ማጠፊያ ወይም የሚለጠጥ ዘንግ አስገብተው፣ ኮርቻው ሲሰምጥ ደጋፊው ጥርስ እንዳይወዘወዝ አደረጉ። ሐሳቡ ለጥርሱ ያዘነ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ዕዳ አመጣ። ከጥርሱ የተወሰደው ጭነት የትም አልጠፋም፤ በሙሉ በድዱና ከድዱ በታች ባለው አጥንት ላይ ወደቀ። ማጠፊያውም ምግብ ይይዛል፣ ያልቃል፣ ይሰበራል፤ ሲያረጅም ኮርቻው ወዳልታሰበው አቅጣጫ ይሄዳል።

ሁለተኛው ወገን «ዕቃው ግትር ይሁን፤ ጭነቱን ግን ጥርስም ድድም ይካፈሉት» አለ። ይህ እንዲሆን ኮርቻው ገና ከመጀመሪያው በተጫነው ድድ ልክ መሠራት አለበት። ዳግላስ መክሊን በ1936 ዓ.ም. ያስረዳው ይህን ነው። ድድ ሳይነካ የተወሰደ ልክና ድድ ጭነት ተሸክሞ ሳለ የተወሰደ ልክ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ልክ የተሠራ ኮርቻ በአፍ ውስጥ ያለ ሥራ ሲቀመጥ የተስማማ ይመስላል፤ ሰውየው መንከስ ሲጀምር ግን ይሰምጣል። ስለዚህ መክሊን የኮርቻውን ቦታ ልክ በንክሻ ጭነት ሥር ወሰደ።

በ1950ዎቹ ዓመታት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኦሊቨር አፕልጌት ይህን ሐሳብ በተሻሻለ ዘዴ አስፋፋው። በመጀመሪያ የብረቱ አካል ብቻ ይሠራል። ይህ ብረት በአፍ ውስጥ ገብቶ ማረፊያዎቹ በጥርሶቹ ላይ በሚገባ መቀመጣቸው ይረጋገጣል። ከዚያ በኮርቻው ቦታ ትንሽ መያዣ ተደርጎበት፣ ሐኪሙ በጣቱ ማረፊያዎቹን እየተጫነ የኋላውን ድድ ልክ ለስላሳ በሆነ ሰም ይወስዳል። የመጀመሪያው የጄሶ ምስል የኋላ ክፍሉ በመጋዝ ተቈርጦ ይጣላል፤ ብረቱ በቀሪው ምስል ላይ ተቀምጦም አዲሱ የኋላ ክፍል በጄሶ ይፈስሳል። በዚህ መንገድ ጥርሶቹ ባሉበት፣ ድዱም ጭነት በሚሸከምበት ሁኔታ በአንድ ምስል ላይ ተገናኙ። እኛ ስንመለከተው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱን መሠረቶች ለማስታረቅ ከተደረጉት ሙከራዎች ይህ እጅግ ብልሃት ያለበት ነው።

የግመል እግር በአሸዋ ላይ የማይሰምጠው ሰፊ ስለ ሆነ ነው። ይህ ወገንም ኮርቻው በተቻለ መጠን ሰፊ እንዲሆን አዘዘ። ከታች መንጋጋ በጕንጭ በኩል ያለው ጠንካራ የአጥንት ሜዳና ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ቦታ በስተኋላ ያለው የሥጋ ጕብታ በኮርቻው እንዲሸፈኑ አደረጉ። በአንጻሩ የሚተከሉት ሰው ሠራሽ ጥርሶች ጠባብና ጥቂት እንዲሆኑ፣ ከኮርቻው መዞሪያ መስመር ራቅ ብሎ በፊት ጥርሶች ላይ ተጨማሪ ማረፊያ እንዲቀመጥና የኮርቻውን መነሣት እንዲገታ መከሩ። ክርክሩ ፈጽሞ ባይዘጋም በብዙ ትምህርት ቤቶች ያመዘነው ይህ ሁለተኛው ወገን ነው።

በዚህ መካከል የዕቃው ነገር እንደ ገና ተመለሰ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከኮባልትና ከክሮሚየም የተቀላቀለው ብረት በወርቅ ፈንታ መግባት ጀመረ። ክብደቱ የወርቁን ቅይጥ ግማሽ ያህል ሲሆን ግትርነቱ ግን እጥፍ ያህል ነው። ለአገናኝ ዘንግ ይህ ትልቅ በረከት ነበረ፤ ዘንጉ ሳይጣመም ጭነቱን ከቀኝ ወደ ግራ ያካፍላል። ለመንጠቆ ግን መርገም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ወርቁ ስለማይለመጥ ቅርጹን ሳይለውጡ ወደ ስርጓዳው ያገቡት እንደ ሆነ ጥርሱን የሚጐትትበት ኀይል ይበረታል። አንዱ ብረት በአንዱ አካል ላይ የሚጠቅመውና የሚጎዳው እንዲህ ነው። ጥቅሙን የሚወስነው ዕቃው ሳይሆን ሐሳቡ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ያለ አይመስለንም።

፮. ማረፊያው ወደ ፊት ተዛወረ

በ1963 ዓ.ም. ጄምስ ክራቶችቪል ያቀረበው ጥናት ትንሽ የምትመስል ለውጥ ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ ማረፊያው የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በደጋፊው ጥርስ የኋላ ጠርዝ፣ ከኮርቻው አጠገብ ነበረ። እንዲህ ሲሆን የመንጠቆው ጫፍ ከማረፊያው በስተፊት ይውላል። ኮርቻው ከኋላ ሲሰምጥ የመንጠቆው ጫፍ ከፊት ይነሣል፤ ሲነሣም በጥርሱ እብጠት ሥር ተይዞ ጥርሱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስበዋል። ከላይ የተናገርነው የካስማ ምሳሌ በትክክል የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው።

ክራቶችቪል ማረፊያውን ወደ ጥርሱ የፊት ጠርዝ አዛወረው። መንጠቆውንም ከሥር በኩል በድዱ አጠገብ መጥቶ ጥርሱን በአንድ ቦታ ብቻ በሚነካ ቀጭን ዘንግ ለወጠው። አሁን መንጠቆው ከማረፊያው በስተኋላ ስለሚገኝ ኮርቻው ሲሰምጥ አብሮ ይወርዳል፤ ከጥርሱም ይላቀቃል። ጭነቱ ሲነሣ ተመልሶ ይይዛል። አርተር ክሮል በ1973 ዓ.ም. ይህን ዘዴ አሻሽሎ አቀረበው፤ ስሙም በትምህርት ቤቶች ሁሉ ታወቀ።

የዚህ ለውጥ ፍሬ ነገር ከብረቱ ቅርጽ ይልቅ በሐሳቡ ነው። ከፎሻር ክር ጀምሮ የነበረው ምኞት ዕቃው እንዳይንቀሳቀስ ማሰር ነበረ። አሁን ሠሪው እንቅስቃሴውን እንደማይቀር ነገር ተቀብሎ «ሲንቀሳቀስ ጥርሱን ይልቀቀው» ብሎ መንገዱን አስቀድሞ ነደፈለት። ዴቫን የተባለው አሜሪካዊ መምህር በ1952 ዓ.ም. የጐደለውን አሳምሮ ከመተካት ይልቅ የቀረውን ጠብቆ ማቈየት እንደሚቀድም አስተምሮ ነበረ። ክራቶችቪል ያንን ምክር በብረት ሠራው ለማለት እንደፍራለን።

፯. ጥያቄው ራሱ ሲለወጥ

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ችግሩ አላለቀም። አንቲ ታልግሬን በ1972 ዓ.ም. ባወጣችው ጥናት፣ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትላ፣ አጥንቱ ማነሱን እንደማያቋርጥና በታችኛው መንጋጋ የሚጠፋው ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየች። በዚያው ዓመት ኤልስዎርዝ ኬሊ ከላይ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከታች ደግሞ እኛ የምንናገርለትን ዓይነት ያደረጉትን ሰዎች መርምሮ፣ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች የላይኛውን የፊት አጥንት እየመቱ እንደሚያሳንሱት ገለጠ። ስለዚህ ኮርቻው በየጊዜው መመርመር አለበት። ሐኪሙ የኮርቻውን የኋላ ጫፍ በጣቱ ተጭኖ የፊቱ ማረፊያ ከጥርሱ ሲነሣ ካየ፣ በሥሩ ባዶ ቦታ ተፈጥሯልና ኮርቻው እንደ ገና ሊሞላ ይገባዋል። ይህ ምርመራ ያልተደረገለት ዕቃ ምንም ያህል በጥበብ ቢሠራ ውሎ አድሮ ወደ ቀድሞው ክፋቱ ይመለሳል።

በ1981 ዓ.ም. በኔዘርላንድ የናይሜኸን ዩኒቨርሲቲው አርንድ ካይዘር ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ለመሆኑ የጐደለው የኋላ ጥርስ ሁሉ የግድ መተካት አለበትን? 118 ሰዎችን መርምሮ፣ ከፊት ጥርሶቹ ሌላ ከላይና ከታች የሚገናኙ ቢያንስ አራት የኋላ ጥንዶች ከቀሩ፣ ይልቁንም በቀኝና በግራ እኩል ከሆኑ፣ አፉ ራሱን ከጉድለቱ ጋር ሊያስማማ እንደሚችል አስረዳ። በ1992 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ከ20 የማያንሱ የተፈጥሮ ጥርሶችን ዕድሜ ልክ ይዞ መኖር በቂ መሆኑን የሚደግፍ ሐሳብ አወጣ። በጀርመን አገር የኋላ ጥርሱ የተተካላቸውንና ሳይተካ የተተወላቸውን ያነጻጸረው ጥናትም በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ውጤት፣ ቀሪ ጥርስን በማጣት ረገድ በሁለቱ መካከል እርግጠኛ ልዩነት አላገኘም።

ይህ ማለት ሐኪሙ ሁልጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ጥርሱ ከዚህ በታች ያነሰ፣ ማኘክ ያቃተው፣ ወይም ከሰው ፊት ለመሳቅ የሚያፍር ሰው ዕቃው ያስፈልገዋል። ነገር ግን የታችኛውን ዕቃ ተቀብለው ከሄዱ በኋላ በመሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሰዎች ጥቂት አለመሆናቸውን ባለሙያዎቹ ያውቁታል። ሰውየው ሳይጠይቅ ክፍተት በመታየቱ ብቻ የተሠራ ዕቃ ብዙ ጊዜ ዕጣው ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ መሠረቱን ራሱን መለወጥ ነው። የስዊድን ሊቅ ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚጣበቅ ተረድቶ፣ በ1965 ዓ.ም. በሰው መንጋጋ ውስጥ ተከለው። ዛሬ በኮርቻው የኋላ ጫፍ ሥር በአንድ በአንድ ወገን አንድ የቲታኒየም ሥር ቢተከል፣ ከጭቃው በኩል ድንጋይ ተገኘ ማለት ነው፤ በኬኔዲ አነጋገር አንደኛው ክፍል ወደ ሦስተኛው ይጠጋል። ይሁን እንጂ ይህ ገንዘብም፣ በቂ አጥንትም፣ የሠለጠነ እጅም ይጠይቃል። እነዚህ ባልተሟሉበት ስፍራ ሁሉ የአፕልጌትና የክራቶችቪል ትምህርት ሥራውን አልጨረሰም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን ስናጠቃልለው፣ ከ1728 ዓ.ም. ጀምሮ ዕቃው አምስት ስድስት ጊዜ ተለዋውጧል፤ ደጋፊው ጥርስ ግን በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ሲናወጥ ኖሯል። መፍትሔው መቅረብ የጀመረው ባለሙያዎቹ ሦስት ነገር በተራ ሲቀበሉ ነው። መጀመሪያ፣ ጥርስና ድድ እኩል የማይጸኑ ሁለት መሠረቶች መሆናቸውን፤ ቀጥሎ፣ ኮርቻው መንቀሳቀሱ የማይቀር መሆኑን፤ በመጨረሻም፣ የጐደለ ሁሉ የግድ መተካት የሌለበት መሆኑን።

ይህ ነገር ለጥርስ ሐኪም ብቻ የሚጠቅም አይመስለንም። መሐንዲስም ሆነ አስተማሪ፣ የጐደለውን ሊሞላ የሚነሣ ሰው ሁሉ አዲሱ ሥራ በምን ላይ እንደሚያርፍና ጭነቱን ማን እንደሚሸከምለት አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። ተሸካሚው ብዙ ጊዜ ሳይጐድል የቀረው ነውና።

ጽሑፋችን ያላዳረሰው ብዙ ነገር እንዳለ እናውቃለን። መምህራንና ጓደኞቻችን የተሳሳትነውን ቢያርሙን፣ የጐደለውንም ቢሞሉልን በምስጋና እንቀበላለን።